ያማሃ 40 ባለ ሦስት ሲሊንደር፦ ለትንሽ ፈጣን ጀልባ ያለው ብቃትና የሚያስቸግርበት ቦታ

እዚህ የሚገመገመው ካርቡሬተር ያለው ባለ 2 ስትሮክ ያማሃ 40 የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ነው፤ 698 ሲሲ፣ ሦስት ሲሊንደር፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ካርቡሬተር። ብዙ አገሮች የጭስ ደንባቸውን ስላጠበቁ አሁን የሚገኘው በአብዛኛው ያገለገለው ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ሲታመም ለማከም ምን ያህል እንደሚመች ማየት ያስፈልጋል።

ጉልበቱ አያሳፍርም። 4 ሜትር ገደማ የሆነና አንድ ሁለት ሰው የጫነ ቀላል ጀልባን ሳያንገራግር ከውኃው በላይ ያወጣዋል፤ ተመጣጣኝ ጉልበት ካላቸው ባለ 4 ስትሮኮችም ክብደቱ ያነሰ ነው። ኮምፒውተር የለውም። ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ የኮምፕሬሽን መለኪያና የብልጭታ መፈተሻ ያለው ሰው አብዛኛውን ችግር ራሱ ያገኘዋል።

ዋናው ድክመቱ ያው ሦስቱ ካርቡሬተሮች ናቸው። ቤንዚኑ ከውስጣቸው ሳይወጣ ሞተሩ ለወራት ሲቆም ይተንና ሙጫ መሳይ ነገር ይተዋል፤ ቀድሞ የሚደፈነው የሚኒሞው፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ የሚሠራበት፣ ቀጭን መተላለፊያ ነው። እሱ ሲደፈን ሞተሩ በዝግታ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ቶሎ ይነቃል። የሚያስፈራው የአንዱ ካርቡሬተር ዋና ቀዳዳ በከፊል ሲደፈን ነው። ሚኒሞው ደህና ነው፣ ድምፁም ያው ነው፣ ጋዝ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ግን በደቂቃ ጥቂት መቶ ዙር ይጎድላል። ያ ሲሊንደር ቤንዚን እያነሰው ይግላል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በሚደባለቅበት ሞዴል ደግሞ ቅባትም አብሮ ያንሰዋል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ጀልባውን እየጎተቱ ሦስተኛው ፒስተን ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

ብዙ ሰው «ጉልበት ቀነሰ» ሲል በቀጥታ ካርቡሬተር መፍታት ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት)፣ ቀጥሎ ብልጭታ፣ ከዚያ ቤንዚን። ኮምፕሬሽን ሲለካ ሞተሩ ሞቅ ያለ፣ ሦስቱም ካንዴላዎች (ብልጭታ ሰጪዎቹ) የወጡ፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ፣ የማጥፊያው ገመድም የተነቀለ ይሁን። የመለኪያው ቁጥር ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይሻላል። ከ10 ከመቶ በላይ ከተራራቁ ካርቡሬተሩን መንካት ጊዜ ማባከን ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ተጣብቋል፣ ሲሊንደሩ ተጭሯል ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጋስኬት አሳልፏል።

ብልጭታን ለመፈተሽ ሞተሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ 1,000 ዙር አካባቢ እየሠራ አንድ አንዱን ሲሊንደር በተራ ማጥፋት ነው። የካንዴላውን ገመድ በባዶ አየር ላይ መንቀል ኤሌክትሮኒክሱን ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ሞተሩ ብረት ማስተላለፍ ይገባል። ሲጠፋ የዙር ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር ድሮም አልሠራም ማለት ነው። የእሱን ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን) ከጎረቤቱ ጋር ቀያይሮ ማየት ነው፤ ችግሩ ከቦቢናው ጋር ከሄደ ተገኘ። ካልሄደ ጥፋቱ ከቦቢናው ወደ ኋላ ባለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ወይም ቤንዚኑ ላይ ነው።

የሚመከረው ካንዴላ ቢ8ኤችኤስ-10 ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው 10 የጫፎቹ ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ወዲያው ከጠፋ በኋላ ካንዴላው ሲወጣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም ብልጭታው ደክሟል። ነጭ ሆኖ ነጫጭ ሸክላ ላይ የብር ቀለም ያላቸው ደቃቅ ነጠብጣቦች ከታዩ ግን ያ የቀለጠ አሉሚኒየም ነው፣ የመጣውም ከፒስተኑ ነው። ጀልባው ከዚያ በኋላ አንድ ዙር እንኳ መሮጥ የለበትም።

ቤንዚን ላይ ቀላሏ ምርመራ በቤንዚን ቱቦው ላይ ያለችው የእጅ ላስቲክ ፓምፕ ናት። ሞተሩ በፍጥነት ላይ ሲደክም ሌላ ሰው ይጭመቃት። ወዲያው ከተነሣ ካርቡሬተሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ተጠያቂው የቤንዚን ፓምፑ ስስ ላስቲክ፣ አየር የሚስብ ቱቦ ወይም የተዘጋ የታንክ መተንፈሻ ነው። ካልተነሣ ብቻ ካርቡሬተር ይፈታ። ቀዳዳዎቹ በፈሳሽ ማጽጃና በአየር ግፊት ይጸዱ እንጂ ሽቦ አይግባባቸው፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ የሚያስተካክለው የለም። የሚኒሞውን ብሎን ከማውጣት በፊት እስኪነካ በቀስታ አጥብቆ ስንት ዙር እንደሄደ መጻፍ፣ ሲመለስም በዚያው ልክ።

ከተገጠሙ በኋላ ሦስቱ ጋዝ መክፈቻዎች እኩል ካልተከፈቱ ጽዳቱ ከንቱ ነው። የማገናኛው ብሎኖች ይላሉ፣ ሦስቱም በራሳቸው ስፕሪንግ ሙሉ በሙሉ ይዘጉ፣ ከዚያ ይጠበቁ። ከፊት ሆኖ በባትሪ እያበሩ ጋዙን ቀስ ብሎ ሲከፍቱት ሦስቱም በአንድ ቅጽበት መነቃነቅ አለባቸው።

ፍጥነት ፈላጊዎች ከዚህ በኋላ ኮምፕሬሽን ለመጨመር ቴስታታ ስለ መላጥ ማውራት ይወዳሉ። በዚህ ሞተር ላይ አይመከርም፤ ትርፉ ያለው ፕሮፔለሩና ከፍታው ላይ ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ መድረስ ያለበት ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ሲሆን ለቀላል ጀልባ ወደ ላይኛው ጠርዝ መጠጋት ይሻላል። ፒች፣ ማለትም ፕሮፔለሩ ያለ ብክነት በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት፣ በ1 ኢንች ሲቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። የማርሹ ንጽጽር 1.85 ስለሆነ ሞተሩ 5,500 ሲዞር ፕሮፔለሩ 2,973 ይዞራል፤ በ13 ኢንች ፒች ይህ በሰዓት 58.9 ኪሎ ሜትር ነው። ጂፒኤሱ 51 ካሳየ ብክነቱ 13 ከመቶ ገደማ ነው፣ ደህና ነው። ከ20 ካለፈ ፕሮፔለሩ ተጎድቷል፣ አየር ይስባል ወይም ውስጡ ያለው ጎማ ይንሸራተታል። ለመጨረሻው ማረጋገጫ ከመሐሉ እስከ ውጪኛው ብረት ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ማስመርና መሮጥ ይበቃል፤ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ለቋል።

ከፍታውን ሲያስተካክሉ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ሆኖ ይጀመር። ከዚያ በአንድ ቀዳዳ፣ ማለትም በ19 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከፍ እያደረጉ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሮጦ አማካዩን መያዝ። መታጠፊያ ላይ ዙሩ በድንገት ሲሻቅብ አንድ ቀዳዳ መልሶ ማውረድ ነው። ከሞተሩ በጎን የሚፈነጥቀው የማቀዝቀዣ ውኃ በፍጥነት ላይ ከቀጠነም እንዲሁ፤ ውኃ መሳቢያው ከላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው3 (በውኃ ለሚቀዘቅዙ ባለ 2 ስትሮክ ሞተሮች የተሠራው ደረጃ) ይሁን፤ በ50 ለ1 በሚደባለቅበት ሞዴል ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። የመኪና ዘይት አይተካውም። የውኃ ፓምፑ ጎማ በየዓመቱ ይቀየር፤ ክንፎቹ ወደ አንድ ወገን ታጥፈው ከቀሩ ዓመቱ ባይሞላም ዕድሜው አልቋል።

ጫጫታውና ጭሱ ይበዛል፣ ቤንዚንም ከባለ 4 ስትሮክ የበለጠ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ በዝግታ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው አይሆንም። በአጭር ርቀት መሮጥ ለሚወድና እጁን ዘይት ለማስነካት ለማይጸየፍ ግን ከብዙዎቹ የተሻለ ምርጫ ነው። ሲገዛ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው መጠየቅ ነው፤ የታመመው ሲሊንደር የሚታወቀው በብርዱ ሲነሣ ነው። የታችኛው የማርሽ ቤት ብሎንም ትንሽ ይላላ፤ ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውኃ ገብቷል፣ ዋጋውም በማኅተሞቹና ምናልባትም በማርሹ ልክ መውረድ አለበት።