ጦር ወይስ ሽምግልና?

የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጓደኛዬ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ "አምባገነን በምርጫ ሰበብ ሰው ሲገድል ጦር መላክ ነው እንጂ!" ይላል።

ዚምባብዌ የተሞከረው ሽምግልና ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በፕሬዚዳንት ምርጫው የመጀመሪያ ዙር ተቃዋሚው ቻንጊራይ 47.9፣ ሥልጣን ላይ የነበሩት ሙጋቤ 43.2 በመቶ አገኙ። ከዚያ ዱላው መጣ። ቻንጊራይ ደጋፊዎቻቸው ሲገደሉ ከሁለተኛው ዙር ወጡ፤ ሙጋቤ ብቻቸውን ሮጠው "አሸነፉ"። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ አደራድረው ሥልጣን አጋሯቸው። ሙጋቤ ግን እስከ 2017 ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም። እንዲህ ያለው እርቅ ለገዳዩ ያደላል።

ጋምቢያ ላይ የጎረቤቶች ጦር ገባ። በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን አልለቅም ያሉት ፕሬዚዳንት ጃሜህ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ያለ ውጊያ አገር ለቀው ሄዱ። ልብ በሉ፣ የምርጫው አሸናፊ ባሮው ቀድሞ ታውቆ ነበር፤ እርዳታ የጠየቀውም እሱ ነው።

እኔ ከሁለቱ የጋምቢያውን እመርጣለሁ፤ የሩቅ ኃያል ከሆነ ግን ይቅርብኝ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ መጥቶ አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን አስፈታ፣ ቅርሱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ለእኛ የቀረን የዙፋን ሽኩቻ ነው።

"ጎረቤቱም አምባገነን ቢሆንስ?" አለኝ ጓደኛዬ። ቆሎው አልቋል።