ሀስኬል፣ ኢድሪስ 2 ወይስ ግራንዩል? ለጣና የጀልባ ትኬት የሚሆነው የቱ ነው?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚያሻግር የጀልባ ትኬት በሶፍትዌር ይሸጥ እንበል። አንዱ ትኬት ሁለቴ ከሠራ ባለጀልባው ይከስራል፤ ጭራሽ ሳይሠራ ከቀረ የተሳፋሪው ገንዘብ ይቀልጣል። ሊኒየር ታይፕ (አንድ እሴት ልክ አንዴ ብቻ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያስገድድ ታይፕ) ያለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን ስህተት ገና ኮምፓይል ሲደረግ፣ ፕሮግራሙ ሳይሮጥ፣ ይይዘዋል። መነሻው ፈረንሳዊው የሎጂክ ምሁር ዣን ኢቭ ዢራር በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሊኒየር ሎጂክ ነው። ሀስኬል፣ ኢድሪስ 2 እና ግራንዩል እንዲህ ያሉ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሦስቱም በነፃ ይወርዳሉ።

ሀስኬል ከኮምፓይለሩ ከጂኤችሲ (GHC) 9.0 (2021) ጀምሮ ሊኒየር ታይፕን በማራዘሚያነት ይዟል። ምልክቱ የሚጻፈው በፋንክሽኑ ቀስት ላይ ስለሆነ የቆየ ኮድ ሳይነካ ይቀጥላል፤ ላይብረሪውም ብዙ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ፋንክሽኑ «ትኬቱን አንዴ ብቻ እጠቀማለሁ» ማለቱ ጠሪውን አያስርም። ጠሪው (ፋንክሽኑን የሚጠቀመው ኮድ) ያልተገደበ፣ ማለትም የፈለገውን ያህል ጊዜ የሚሠራበት፣ ትኬት በእጁ ካለ፣ ያንኑ ትኬት ለፋንክሽኑ ሁለቴ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ትኬት የሚፈጥረው ክፍል ትኬቱን የሚያስረክበው ሊኒየር ለሆነ ፋንክሽን ብቻ እንዲሆን አድርጎ መንደፍ ግድ ነው። በሌት (let፣ ለእሴት ስም በሚሰጥበት ቃል) የሚታሰር ስም ሊኒየር መሆን የቻለውም ከጂኤችሲ 9.10 ወዲህ ነው፤ የቆየ ቅጂ አትጫኑ።

ኢድሪስ 2 የስኮትላንዱ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የኤድዊን ብሬዲ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ግብዓት 0፣ 1 ወይም ያልተገደበ ብዛት ይሰጠዋል። 0 የተባለው ለማረጋገጫ ብቻ ያገለግልና ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይጠፋል። «ያልተከፈለ»፣ «የተከፈለ»፣ «የተሳፈረ» የሚሉትን የትኬት ደረጃዎች በታይፑ ውስጥ መጻፍም ይቻላል። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ፤ ሐሳቡን ከሥሩ ለመማር ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው። ላይብረሪው ግን ጥቂት ነው።

ደርሶ መልስ ትኬትስ? ሀስኬልም ኢድሪስም «ልክ ሁለቴ» የሚል ብዛት የላቸውም። የእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ግራንዩል አለው። ታይፑ ደረጃ (እሴቱ ስንት ጊዜ ወይም እንዴት እንደሚሠራበት የሚናገር ምልክት) ይቀበላል፦ 2 ብሎ ደርሶ መልስ፣ ከ0 እስከ 1 ብሎ የሚሰረዝ ትኬት። የተሳፋሪውን ስልክ ቁጥር «የግል» ብሎ ወደ ይፋዊ ውጤት እንዳይወጣ መከልከልም ይችላል። ነገር ግን የምርምር ቋንቋ ስለሆነ የሰው ገንዘብ የሚያልፍበትን ሥራ አልሰጠውም።

ደንበኛ ለሚጠብቀው ሥራ ሀስኬልን ምረጡ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ሆኖ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያስብ ተማሪ ግን ግራንዩልን እመክራለሁ፤ ደረጃዎቹን የሚያሰላለት ዜድ 3 (Z3) የተባለ የሎጂክ ቀመር ፈቺ ሶፍትዌር ስለሆነ አስቀድሞ እሱን ይጫን።