የለስላሳ ሳጥን ለእንጨት ሥራ መደገፊያ ሲሆን

ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ጣውላ ለመቁረጥ የሚሆን መደገፊያ ምረጡ ብንባል፣ 24 ጠርሙስ የሚይዘውን የፕላስቲክ የለስላሳ ሳጥን እናስቀድማለን። ከወንበር ይሻላል። የወንበር መቀመጫ ጠባብ ነው፣ ጭነቱ ወደ ጠርዝ ሲያዘነብል ይገለበጣል።

ለአንድ ሙሉ ኮምፖልሳቶ (1.22 በ2.44 ሜትር) አራት ሳጥንና አራት ሞራሌ ይበቃል። ሳጥኖቹን አፋቸውን ወደ መሬት ድፏቸው፤ ሞራሌዎቹን በላያቸው ዘርጉ። ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። ከመቁረጫው መስመር ግራና ቀኝ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት አንድ አንድ ሞራሌ ይሁን፤ የቀሩት ሁለቱ ጫፎቹን ይሸከሙ። ጫፎቹን ብቻ ከደገፋችሁ መሃሉ ይረግባል፣ ክፍተቱ ይጠብና መጋዙን ይነክሰዋል። በኤሌክትሪክ መጋዝ ሲሆን ይህ አደገኛ ነው፤ ማሽኑ ወደ ሠራተኛው ሊወረወር ይችላል። ምላጩም ከኮምፖልሳቶው ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ይለፍ።

ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ቆርጦ በሳጥኑና በሞራሌው መካከል ማንጠፍ ችግሩን ያስቀረዋል።

ጉድለቱ ቁመቱ ነው፤ ዝቅ ስለሚል ወገብ ያደክማል። ሁለት ሳጥን መደራረብ ይቻላል፣ ሦስት ግን ይወዛወዛል። ለመሮ ሥራ ደግሞ አንመክረውም፤ ፕላስቲኩ ስለሚነጥር የመዶሻውን ምት ይውጠዋል። ፀሐይ ላይ ከርሞ ቀለሙ የነጣ ሳጥን ድንገት ስለሚሰበር አትጠቀሙበት። ማስያዣ የተከፈለበት ከሆነም አትብሱት፣ ምስማርም አትምቱበት፤ ማስያዣው ላይመለስላችሁ ይችላል።