«በአውሮፓ ስታንዳርድ ኃይል ቆጣቢ» የሚባለውን የቤት ጥቅል ባህር ዳር ላይ አትፈርሙ

ባህር ዳር ላይ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ በተለይ በማህበር ተደራጅታችሁ ፊኒሺንግ የጀመራችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ቅድሚያ ክፍያ እንዳትከፍሉ።

አንድ ድርጅት የማህበር ቤቶችን እየዞረ «ኃይል ቆጣቢ ቤት በአውሮፓ ስታንዳርድ» የሚል ጥቅል እየሸጠ ነው። እህቴ ጋም መጥተው ነበር። የውሉን ረቂቅ ተቀብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ደብል መስታወት፣ የበርና የመስኮት ማሸጊያ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የኤሌክትሪክ ክፍል ማሞቂያዎች፣ ባለ 150 ሊትር ቦይለር፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ «ቆጣቢ» ሳጥን አለበት። የየዕቃው ዋጋ ለብቻ አልተጻፈም። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ ነው። በምላሹ «የማሞቂያ ወጪን እስከ ግማሽ ይቀንሳል» ይላል።

የማሞቂያ ወጪ የሌለበት ቤት ውስጥ ግማሹ ምንድን ነው?

ስታንዳርዱ ራሱ ውሸት አይደለም። ጀርመን ውስጥ ዳርምሽታት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰው የገባባቸው «ፓሲቭ ሀውስ» የሚባሉ ቤቶች አሉ። ደንቡ ለአንድ ካሬ ሜትር በዓመት ከ15 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) በላይ ለማሞቂያ እንዳይወጣ ይጠይቃል። እዚያ ክረምቱ ወራት ሙሉ ዜሮ አካባቢ ስለሚውል ግድግዳው ይወፍራል፣ መስታወቱ ሦስት ይደረባል፣ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። ያ ሁሉ ወጪ የሚመለሰው ማሞቂያ ላይ ከሚተርፈው ገንዘብ ነው። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ጣና ዳር ናት። በታህሳስና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግን ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃዋል። የሚያስጨንቀን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ነው፣ ቀኑ 30 ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜ።

ደብል መስታወቱን እንይ። ደብል መስታወት በውስጥና በውጭ መካከል ትልቅ የሙቀት ልዩነት ሲኖር ነው የሚጠቅመው። እኛ ጋ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው። የከሰዓት ፀሐይ በምዕራብ መስኮት ስትገባ ደግሞ ተራውን ደብል መስታወት አብዛኛው ሙቀቷ ያልፈዋል። ዋና መንገድ ዳር ላለ ቤት ለድምፅ ይረዳ ይሆናል፤ ለዚያ ከፈለጋችሁት ለድምፅ ብላችሁ ግዙት። ክፍል ማሞቂያው ላይ «ቆጣቢ» የሚል ቃል መለጠፉ ደግሞ ትርጉም የለውም። ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ሙቀት የሚቀይር ማሞቂያ ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው ያንኑ ያህል ሙቀት ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሳጥን በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረውን አይቀንስም።

ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ማሸጊያው ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? ከሰል እናቀጣጥላለን። ቡናም በከሰል ነው የምናፈላው። ነባር ቤቶቻችን በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ዳር፣ በጣሪያው ክፍተት አየር ይገባቸዋል። ያንን ሁሉ ደፍኖ ውስጥ ከሰል ማንደድ ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ማከማቸት ማለት ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ጀርመኖቹ ቤቱን ሲያሽጉ አየር የሚቀይር ማሽን አብረው ይገጥማሉ። በዚህ ውል ውስጥ እሱ የለም። ሻጩን ስጠይቀው «መስኮት ትከፍታላችሁ» አለኝ። መስኮት የምንከፍት ከሆነ ማሸጊያውን ለምን እንገዛለን?

እውነተኛው የመብራት ወጪያችን ቦይለርና ምጣድ ነው። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 150 ሊትር ከሆነ ወደ 7 ይጠጋል። በየቀኑ ሙሉውን ብትጠቀሙ በወር 200 ያልፋል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ይወደዳል። ስለዚህ ትልቅ ቦይለር ማስገባት መቆጠብ አይደለም። ለቤተሰባችሁ የሚበቃውን ትንሹን ግዙ፣ ከመታጠብ በፊት አብሩት፣ ከዚያ አጥፉት። አቅም ካለ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ በበጋ ጥሩ ይሠራል፣ በክረምት ደመና ግን ይደክማል።

ለጥቅሉ ልታወጡት ያሰባችሁትን ብር ጣሪያው ላይ አውሉት። ቤታችንን የሚያግለው ቆርቆሮው ነው። ከሰዓት ላይ እጅ አያስነካም፣ ያ ሙቀት በኮርኒሱ አልፎ መኝታ ቤት ይወርዳል። ቀለሙ ነጣ ያለ ቆርቆሮ ምረጡ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ሙቅ አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ በወንፊት የተሸፈነ ክፍተት ይተው። ከኮርኒሱ በላይ ፋይበር ግላስ ይነጠፍ፤ ክረምት ላይ የዝናቡንም ጩኸት ያበርደዋል። ክፈፉ ሰፋ ይበል። ትላልቅ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሁኑ፤ ቀን ላይ ከጣና የሚነሳው ነፋስም በሰሜን በኩል ይገባላችኋል። በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ። ወባ ስላለ ሌሊት የሚከፈት መስኮት ሁሉ ወንፊት ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አናጺና ግንበኛ ከተማችን ውስጥ ሞልቷል።

አሁንም መግዛት የሚፈልግ ካለ ሻጩን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የስታንዳርዱን ቁጥርና ባህር ዳር ላይ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚተርፍ። እህቴ ጠይቃ መልስ አላገኘችም፣ አልፈረመችምም።

ቅድሚያ የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙን፣ ውሉንና የማስታወቂያ ወረቀቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሰነዶቹን ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ፤ ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ብትሄዱ ደግሞ ይሻላል።