ከደሴ ፒያሳ የተገዛ የዓለም ካርታ፦ የተከበቡ ግዛቶችን እንዴት ያሳያል?

ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁት ይህ የግድግዳ ካርታ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጽሑፉ ከኋላ ወንበር የሚነበብና በዋጋውም ትምህርት ቤትን የማያስጨንቅ ነው። የጂኦግራፊ መምህር እንደመሆኔ ግን አተኩሬ የመረመርኩት በግርጌው በትንንሽ ሳጥኖች የቀረቡትን፣ በሌላ አገር መሬት የተከበቡ ወይም ከእናት አገራቸው የተነጠሉ ግዛቶችን ነው፤ ሻጩም ካርታውን ያስተዋወቀኝ በእነዚሁ ሳጥኖች ነበር።

ከሁሉም የሚሻለው በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ድንበር አካባቢ የምትገኘው የባርለ ከተማ ሳጥን ነው። በኔዘርላንድስ ውስጥ የተበተኑት 22 የቤልጂየም ቁራሽ መሬቶች፣ በአንዳንዶቹም ውስጥ መልሰው የተከበቡት የኔዘርላንድስ መሬቶች በቀለም ተለይተው ስለሚታዩ፣ ድንበሩ አንድን ቤት ለሁለት ሲከፍለው የቤቱ አገር በዋናው በር አቅጣጫ የሚወሰንበትን ልማድ ለተማሪ ማስረዳት አያስቸግርም።

የሕንድና የባንግላዴሽ ሳጥን ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። በባንግላዴሽ ውስጥ የነበሩት 111 የሕንድ እና በሕንድ ውስጥ የነበሩት 51 የባንግላዴሽ ቁራሽ ግዛቶች አሁንም እንዳሉ ተደርገው ተስለዋል። ሁለቱ አገሮች ግን በ1974 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙትን ውል ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሥራ ላይ አውለው፣ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግዛቶቹን ተለዋውጠዋል። መንግሥታቸው ሊደርስላቸው ባለመቻሉ ያለ መብራትና ያለ ትምህርት ቤት የኖሩ ከ50,000 በላይ ሰዎች ዜግነት የመረጡበትን ይህን ለውጥ መዝለል ቀላል ግድፈት አይደለም።

በዲሞክራቲክ ኮንጎ መሬት ከተቀረው አንጎላ የተነጠለችው የአንጎላ ግዛት ካቢንዳም በአንጎላ ሳይሆን በዲሞክራቲክ ኮንጎ ቀለም ተቀብታለች፤ ተገንጣዮች ለነፃነቷ የሚታገሉላት፣ በነዳጅ የበለጸገች ግዛት በመሆኗ ስህተቱ ተማሪን ክፉኛ ያሳስታል።

ይበልጥ የከበደኝ አወዛጋቢ ድንበር የሚለይበት ምልክት አለመኖሩ ነው። በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ የሚገኙትና ሞሮኮ የይገባኛል ጥያቄ የምታነሣባቸው የስፔን ከተሞች ሴውታና ሜሊላ የስፔን ቀለም ብቻ ይዘው፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ ተቀምጠዋል። በአንጻሩ ናጎርኖ ካራባኽ ራሱን የቻለ አገር መስሎ በደማቅ መስመር ተከልሏል፤ በዓለም ዘንድ የአዘርባጃን አካል ተብሎ የሚታወቀው ይህ ግዛት በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. በአዘርባጃን ጦር ቁጥጥር ሥር ገብቶ፣ ከ100,000 በላይ አርመኖች ለቀው ወጥተዋል። ነጠብጣብ መስመርና አንድ የግርጌ ማስታወሻ ይበቃ ነበር።

ሌሶቶ በደቡብ አፍሪካ ውስጥ በትክክል ተቀምጣለች፤ ሐረሪ ክልል በኦሮሚያ መከበቡን የሚያውቅ የእኛ ተማሪ በዚህ አይደናገርም።

ለዋናው የዓለም ካርታ ሲባል መግዛቱ አያስቆጭም። የድንበር ውዝግብን ለማስተማር ግን የሕንድና የባንግላዴሽን ሳጥን በወረቀት ሸፍኖ፣ ካቢንዳን በአንጎላ ቀለም አስተካክሎ መስቀል ያስፈልጋል፤ ፕላስቲኩ የቋሚ ማርከር ቀለም ይቀበላል።