ፊደል ማስተማር፦ በገበታው ዜማ ወይስ ቃል እየሠሩ?

አንደኛ ክፍል ላይ ፊደል የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሁላችንም ያለፍንበት ገበታ ነው፣ ሀ ሁ ሂ እያሉ 33ቱን በየሰባት ቤታቸው በዜማ መውረድ፣ 231 ፊደል ማለት ነው እንግዲህ። ሌላው ጥቂት ፊደል መርጦ ወዲያው ቃል መሥራት ነው፣ በ፣ ላ እና ም ያወቀ ልጅ "ላም" እና "በላ" ያነባል በቃ።

የገበታው ችግር ሽምደዳው ነው። ልጁ እንደ ውሃ ይወርደዋል፣ ግን ድንገት "ጦ"ን ብትጠቁሙት ጣቱን ጠ ላይ አድርጎ ጠ ጡ ጢ ጣ እያለ ነው የሚደርስበት፣ ረድፉን በእጃችሁ ብትሸፍኑበት ደግሞ ዝም። የኔታዎቹም ይቺን ሳያውቋት አይቀሩም፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል እኮ ዜማው ይፈርስና የለየና ያልለየ ይታወቃል።

ግን ገበታውን ጣሉት የሚሉት አይገቡኝም። ሉ፣ ሙ፣ ቡ፣ ኩ ቀኝ ጎናቸው ላይ አንድ አይነት ጭረት እንዳላቸው ልጁ የሚያየው ተደርድረው ሲያገኛቸው ነው (ሩ እና ፉ ያምፃሉ፣ እነሱን ለብቻ ማሳየት ነው)። ክፍሉ ተማሪ ከበዛበት ደግሞ ለአስተማሪዋም ዜማው ይቀላታል።

እኔ ብሆን በቃል ጀምሬ ትንሽ ማንበብ ሲለምዱ ገበታውን አመጣለሁ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ደግሞ እስከ መጨረሻ ይቆዩ፣ ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ ስለሆነ ለጀማሪ ግራ ማጋባት ነው ትርፋቸው።