የድሮ ቬስፓ ፍሪሲዮንና ማርሽ ስትቀይሩ የቱን ትገዛላችሁ? ለድሬና ለሐረር መንገድ የተሠራ ንጽጽር

ቬስፓ ያለው ሰው ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር "የቱ ፍሪሲዮን ይሻላል?" ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ሁሌ መልሼ የምጠይቀው "የት የት ነው የምትነዳት?" ብዬ ነው። ከከዚራ ሳቢያን ስትመላለስ የምትውል ቬስፓና ሰው ጭና ደንገጎን፣ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ የምትወጣ ቬስፓ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ለየቅል ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር ደግሞ አብዛኛው ሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው የተሰጠ ስለሆነ እንዳለ ገልብጣችሁ ከገዛችሁ ገንዘባችሁን ውሃ በላው ማለት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ገደማ ናችሁ፣ ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ያቺው ቬስፓ ላይ ስትወጣ ድሬ ላይ ከነበራት ጉልበት 8 በመቶ ገደማ ጎድሎባታል። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ ማርሽ ላይ ስንደርስ ይፈለጋል።

የማወራው በዋናነት ፒኤክስ ስለሚባለው የቬስፓ ዓይነት ነው፣ እ.ኤ.አ ከ1977 ጀምሮ ስለወጡት 125፣ 150 እና 200። ከነሱ የቀደሙት ውስጣቸው ይመሳሰላል፣ ግን ትልልቆቹ ፍሪሲዮኖች ካርተሩ (የሞተሩ ቤት) ሳይሞረድ አይገቡላቸውም፣ እዛ ላይ የፋብሪካውን ማደስ ይሻላል ብዬ ልለፈው።

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ካቦውን እዩ። በእጅ የምትጨብጡት ማኔላ ጫፍ ላይ ትንሽ ላላ የሚል ነገር ከሌለ ካቦው ራሱ ፍሪሲዮኑን ገፍቶ ይዞታል ማለት ነው፣ ዲስኩ አዲስ ቢሆንም ይንሸራተታል። በጣም ከላላ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ አንደኛ ስታስገቡ ቬስፓዋ ትዘላለች። ካቦው ተስተካክሎም አራተኛ ላይ ዳገት ስትሰጧት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት የማትጨምር ከሆነ ያኔ እንነጋገር።

መጀመሪያ ርካሹ መንገድ። 125 እና 150 ይዘውት የመጡት ባለ ስድስት ሞላ ፍሪሲዮን ነው፣ ውስጡ ሦስት የቡሽ ዲስክ አለ። አዲስ ዲስክና አዲስ ሞላ ገዝቶ ማደስ ይቻላል፣ ሞተር ሳይወርድ የኋላ ጎማ ተፈትቶ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ዲስኮቹን ከመግጠም በፊት ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ማሳደር ግዴታ ነው፣ ደረቅ ቡሽ ከገጠማችሁ ገና ከጋራዥ ሳትወጡ ይቃጠላል። ሞተሯ ያልተነካ ከሆነና ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትነዱት ከዚህ በላይ ምንም አትግዙ፣ እኔ እንደዛ ነው የማምነው። ግን ዲስክ ብቻ ቀይሮ መዝጋት የለም አቦ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበትን ቅርጫት አውጡትና የጎን ጎኑን ክፍተት በጥፍራችሁ ዳብሱት፣ የዲስኩ ጥርስ እየመታ ጉድጓድ ከሠራበት ጥፍራችሁ ይያዛል፣ እዛች ጉድጓድ ውስጥ አዲሱ ዲስክም እየገባ ይቀረቀራል፣ ፍሪሲዮኑ ሲጫን በደንብ አይለቅም፣ ሰውየው ደግሞ ዲስኩን "ፎርጂድ ነው" እያለ ይረግማል። በመሃል ያሉትን የብረት ሰሌዳዎች መስታወት ላይ አስተኟቸው፣ የሚወዛወዝ ወይም ሰማያዊ የሆነ ካለ ይጣል።

ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ጠንካራ ሞላ መግጠም፣ ሌላው በሦስት ዲስክ ፈንታ ቀጠን ቀጠን ያሉ አራት ዲስኮች የያዘ ሴት (ሙሉ ስብስብ) መግዛት። ጠንካራ ሞላ ርካሽ ነው፣ ይይዛል፣ ግን ማኔላው ይከብዳል፣ ቬስፓ ላይ ደግሞ ማርሽም ፍሪሲዮንም በግራ እጅ ስለሆነ በገበያ ቀን መጋላ ውስጥ ሰውና ጋሪ መሃል ስታዘግሙ እጃችሁ ይዝላል፣ ካቦውም ቶሎ ይበጠሳል። አራት ዲስክ ያለው ሴት ሞላው ሳይጠነክር የሚይዘው ገጽ በሲሶ ስለሚጨምር እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ ጉዳቱ ቡሹ ቀጭን ስለሆነ ግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ዳገት ላይ የመቆም ልማድ ያለበት ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ሰርፍሌክስና ኒውፍረን የሚባሉት ጣሊያኖች ሁለቱም ጥሩ ዲስክ ይሠራሉ።

ባለ ሰባት ሞላው የ200ዋ ፍሪሲዮን ነው። ሰው ሳልቫታዮ ሲያገኘው ይደሰታል፣ እውነትም ከስድስቱ ይጠነክራል፣ ነገር ግን በዚህ ዘመን አሮጌውን ሰባት ሞላ ፈልጎ መግዛት ብዙም አይታየኝም። ቅርጫቱ ከላይ ክፍት ስለሆነ ሞተሩ ብዙ ሲሽከረከር ከፈት የማለት ድክመት አለበት፣ ፈጣን ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ዙሪያውን የብረት ቀለበት የሚያስበይዱበት ለዚህ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ማስበየድ ትችላላችሁ፣ ግን ብየዳው ካጣመመው ፍሪሲዮኑ እየተወዛወዘ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፣ ኩሽኔታም ይበላል። 200 ያለው ሰው ያለውን ያድስ፣ 125 ያለው ሰው ግን ሰባት ሞላ ፍለጋ ከሚንከራተት ያንን ብር ለኮሳ ያጠራቅም ባይ ነኝ።

ኮሳ የምንለው እ.ኤ.አ በ1988 ከወጣችው ኮሳ ከምትባለው የፒያጆ ስኩተር የመጣው ባለ ስምንት ሞላ ፍሪሲዮን ነው፣ በኋላ ፒኤክሶቹ ራሳቸው ከፋብሪካ ይዘውት ወጥተዋል። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ማኔላው ይቀላል፣ አያያዙ ግን ከሰባት ሞላው አያንስም፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ብርቅ ነው። ደንገጎ ላይ ከኋላችሁ ከባድ መኪና እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ስትቀያይሩ ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ይታወቃል። አሮጌ ካርተር ውስጥ ሲገባ የሚነካካበት ቦታ ሊኖር ስለሚችል መካኒኩ ከመዝጋቱ በፊት በእጁ ያሽከርክረው፣ ከነካ በሞረድ ትንሽ ይነሳለታል፣ ፍርፋሪው ግን ካምቢዮ ውስጥ እንዳይገባ። ዋጋው ከዲስክ ሴት ጋር አይወዳደርም፣ ብዙ እጥፍ ነው። ከሱም በላይ ቢጂኤም የሚባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ሱፐርስትሮንግ አለ፣ ባለ አሥር ሞላ ነው፣ ጥራቱ አያጠያይቅም፣ ግን ሲሊንደር ቀይሮ ጉልበት ላልጨመረ ሰው ትርፍ ነው።

ባለ ስድስቱም ባለ ሰባቱም ፍሪሲዮን የሚታሰሩት ባለ ጥርስ ክብ ዳዶ ነው፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ያንን ቁልፍ ከዕቃው ጋር አብራችሁ እዘዙት። በስካርፔሎና በመዶሻ የሚፈታ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፣ ዳዶው ይላሻል፣ መልሶ ሲጠብቅም ልኩ አይታወቅም፣ በቂ ካልጠበቀ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የምታያይዘዋ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት ትቆረጣለች፣ እሷ ስትቆረጥ ኮሎውንም ታበላሸዋለች። የአሮጌዎቹ የማጥበቂያ ልክ ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ነው።

የህንድ ዕቃ ወይስ የጣሊያን የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ኤልኤምኤል የሚባለው የካንፑር ፋብሪካ እ.ኤ.አ በ2018 እስኪዘጋ ድረስ በፒያጆ ፈቃድ የጀመረውን ፒኤክስ ሲሠራ ኖሯል፣ ስለዚህ ብዙ የህንድ ዕቃ በልኩ ይገጥማል። ለካቦ፣ ለማኔላ፣ ለፍሪሲዮን ክዳን የህንዱን ያለ ሐሳብ ግዙ። ለዲስክና በተለይ ለማርሽ ጥርስ ግን ጣሊያኑን ካገኛችሁ ጨምራችሁ ግዙ፣ ምክንያቱም የህንዱ አንዱ ጥሩ ሌላው ሲበዛ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፣ እጅ ላይ ሲታይ ደግሞ አይለይም። ድሬ ውስጥ የባጃጅ ዕቃ መሸጫ ሞልቷል፣ ግን ስም ጠርታችሁ ብቻ አትግዙ፣ አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን ቆጥራችሁ፣ ደርባችሁ ለክታችሁ ውሰዱ።

አሁን ወደ ማርሽ። ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ያለችው ትንሿ ጥርስ፣ ፒኞኗ፣ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ታዞራለች። 125ዋ 20 ለ68 ናት፣ 150ዋ 21 ለ68፣ 200ዋ 23 ለ65። ሲካፈል 3.40፣ 3.24 እና 2.83 ይመጣል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ማርሹ ይረዝማል፣ ሜዳ ላይ ፍጥነት ይሰጣል፣ ዳገት ላይ ይነፍጋል። ብዙ ሰው 125 ላይ 22 ጥርስ ያለው ፒኞን ገጥሞ ወደ መልካ ጀብዱ ሲበር ደስ ይለዋል፣ ግን አስሉት፣ ከ20 ወደ 22 ማለት ማርሹ 10 በመቶ ረዘመ ማለት ነው፣ በዛ ላይ ከፍታው የሚወስደው እስከ 8 በመቶ ሲጨመር ደንገጎ ላይ አራተኛ ጭራሽ አይሠራም፣ ሦስተኛም ይጨንቀዋል፣ ሰውየው ሁለተኛ ላይ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ይወጣል። ለዚህ መንገድ 125 በ20ዋ ትቆይ። 150 ሰው የምትጭን ከሆነ እንዲያውም ከ21 ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ያዋጣል፣ የምታጡት ፍጥነት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 22 የሚገባው ትልቁ የ177 ሲሲ ሲሊንደር ለተገጠመላት ነው፣ ወይም ከድሬ ለማትወጣ።

ፒኞኗ ከፍሪሲዮኑ ጋር አብራ ስለምትወጣ መቀየር ካሰባችሁ ፍሪሲዮኑ በተከፈተበት ቀን አድርጉት። ስትገዙ ለየትኛው ፍሪሲዮን እንደተሠራች ጠይቁ፣ የኮሳው ፒኞን ለስድስት ሞላው አይሆንም፣ የ200ዋ 23 ደግሞ ከራሷ 65 ጋር ተጣምራ የምትሠራ ናት። 200 ያላችሁ ሰዎች ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስትሄዱ ዳገት ላይ ጉልበቷ ድርግም የሚልባችሁ ከሆነ ባለ 35 ጥርሱን አራተኛ ማርሽ በባለ 36 መለወጥ ያንን ክፍተት ያጠበዋል፣ ግን ሞተር ወርዶ ለሁለት መከፈል ስላለበት ለብቻው ብላችሁ አታስከፍቱት።

ሙሉ ካምቢዮ ልቀይር ለሚለው ሰው ደግሞ ይሄን በደንብ ይስማኝ። ማርሽ ይተፋል፣ በተለይ ሁለተኛ ላይ እየወጣ ወደ ነጻ ይሄዳል የሚባለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የማርሾቹ ሳይሆን የክሮቸራዋ ነው፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ባለ አራት ክንድ የብረት መስቀል ናት፣ በዘንጉ ውስጥ እየተንሸራተተች የተመረጠውን ማርሽ የምትይዘው እሷ ናት። አዲሷን ይዛችሁ የክንዶቿን ጠርዝ እዩ፣ ቢላ ባይሆንም ሹል ነው፣ ከአሮጌ ሞተር የወጣችዋ ግን ጠርዟ ተሞርዶ እንደ ሳሙና ክብ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ያ የተከበበ ጠርዝ ነው ጉልበት ሲበዛበት ተንሸራቶ የሚወጣው። ዋጋዋ ከሙሉ ካምቢዮ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፣ ሥራው ነው ውዱ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። ሁለት ዓይነት አለች፣ አርኮባሌኖ ከሚባለው ከኋለኛው ፒኤክስ በፊት ለነበሩት አንዷ፣ ለአርኮባሌኖ ደግሞ ሌላዋ፣ ስለዚህ አሮጌዋ ሳትወጣ አትዘዙ። የምትይዛት ዘንግ ጥርሷ የግራ ነው፣ የማያውቅ ሰው እፈታለሁ ብሎ እያጠበቀ ይሰብራታል። ሲገጣጠም በማርሾቹ መካከል ያለው ክፍተት በስስ መለኪያ ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ካለፈ ወፍራም ቀለበት ይገባለታል፣ ይሄ ሳይለካ የተዘጋ ሞተር አዲስ ክሮቸራም ቢገባበት እንደገና መትፋቱ አይቀርም። እዚህ አገር ይሄን በትዕግስት የሚሠሩ እጆች አሉ፣ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ስንት ዘመን ያኖሩ መካኒኮች ናቸው እኮ፣ ብቻ መለኪያውን እንዲያወጡ ጠይቋቸው፣ ጋሼ ብላችሁ በአክብሮት፣ ቅር አይላቸውም።

ዘይት ላይ አልቆይም፤ ፍሪሲዮኑም ካምቢዮውም አንድ ዘይት ነው የሚጠጡት፣ 250 ሚሊ ሊትር፣ ተራ ኤስኤኢ 30። ለመኪና ዲፈረንሻል የሚሆነውን የካምቢዮ ዘይት አትጨምሩበት፣ ውስጡ ያለው ቅመም ቡሹን ያንሸራትተዋል፣ አዲስ ፍሪሲዮን ገዝቶ በዘይት ምክንያት "አይዝም" የሚል ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ ብሩን የት ላውጣው ለሚል፣ ከተማ ብቻ ለምትነዳ 125 ዲስክና ሞላ፣ ባለችበት 20 ፒኞን። ድሬና ሐረር ለምትመላለስ 150 ኮሳ ከ20 ፒኞን ጋር፣ ብሩ ካልደረሰ አራት ዲስክ ያለው ሴት። ለ200 ያለውን ሰባት ሞላ በጥሩ ዲስክ ማደስ፣ ቅርጫቱ ከተበላ ግን ወደ ኮሳ መሄድ። ማርሽ የምትተፋ ከሆነች የትኛዋም ብትሆን መጀመሪያ የማርሽ ካቦዎቹን አስተካክሉ፣ ካልተሻላት ክሮቸራ፣ ሞተሩ ከተከፈተ ደግሞ ፓራኦሊዮዎቹን (ዘይት የሚይዙትን ጎማዎች) እና ኩሽኔታዎቹን ያኔውኑ ቀይሩ፣ ለነሱ ብላችሁ ሌላ ጊዜ እንዳታስከፍቱ። ከሐረር ወደ ድሬ ስትወርዱም ያው አጭሩ ማርሽ ሞተሩ ቬስፓዋን ይዞ እንዲያወርዳት ይረዳል፣ ፍሬኗ ብቻውን አይችለውምና፣ ግን ቱ ስትሮክ ስለሆነች ዘይቷ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው፣ ጋዙን ዘግታችሁ ቁልቁለቱን በሙሉ አትውረዱ፣ በየመሃሉ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ትንሽ ጋዝ ስጧት።